የባሰው ድልድይ ሁልጊዜ መቅደም አለበት?

የድልድይ ጥገና በጀት በየትም ሀገር አይበቃም፤ ስለዚህ የቱ ይቅደም የሚለው ውሳኔ ከጥገናው ራሱ አይተናነስም። የተለመደው መልስ ድልድዮቹን በጉዳታቸው መጠን ደርድሮ ከባሰው መጀመር ነው። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ቢመስልም ገንዘብም ሕይወትም ያስከፍላል ብዬ አምናለሁ። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የቱ ድልድይ በምን ምክንያት ሊወድቅ እንደሚችል፣ ቢቋረጥስ መንገደኛው በየት እንደሚዞር ነው።

ከ620 ሺህ በላይ ድልድዮች ያሏትን አሜሪካን እንይ። ድልድዮቹ በየጊዜው እየተመረመሩ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥቡ ግን የሚናገረው ስለ አካላቸው ሁኔታ እንጂ ስለ መውደቅ ዕድላቸው አይደለም። በኒውዮርክ የስኮሃሪ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈርሶ 10 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ የምሰሶውን መሠረት ከሥር ቦርቡሮት ነበር። በ2007 በሚኒያፖሊስ 13 ሰዎች የሞቱበት ድልድይ በቀን 140 ሺህ ያህል መኪና ያስተናግድ ነበር፤ መርማሪዎች ጥፋቱን ያገኙት ገና ሲነደፍ ሳስተው በተሠሩት የብረት ማያያዣ ላሜራዎች ላይ ነው። ዝገትና ስንጥቅ እየቆጠረ የሚደረድር ሰንጠረዥ እነዚህን ሁለቱን አያያቸውም። በ2022 የፈረሰው የፒትስበርጉ ፈርን ሆሎው ደግሞ ከ2011 ጀምሮ «መጥፎ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ማፋሰሻዎቹ በቅጠልና በቆሻሻ ተደፍነው ውሃ የብረት እግሮቹን በላቸው፤ ተደጋጋሚ የጥገና ማሳሰቢያዎችም ሳይፈጸሙ ቀሩ። ማፋሰሻ መጥረግ እኮ ወረፋ የሚያስጠብቅ ሥራ አይደለም!

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ተለዋጭ መንገዳችን ጥቂት ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው ዋና መንገድ ዓባይን የሚሻገረው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ከአሮጌው አጠገብ ቢቆምም፣ ሁለቱም ያሉት መሬቱ በሚንሸራተትበት በአንድ ገደል ውስጥ ነው። መንገዱ ከተቆረጠ የጭነት መኪናው በነቀምት ቡሬ ወይም በደሴ ወልድያ ሊዞር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የታየ ትንሽ ጉዳት፣ አማራጭ ባለበት ከተማ ውስጥ ካለ ትልቅ ጉዳት መቅደም አለበት።

«እንዲህ ከሆነ የገጠር ድልድይ ተረስቶ ይቀራል» የሚል ስጋት ይነሳል። መኪና ብቻ ከተቆጠረ፣ እውነት ነው፣ ይረሳል። የመዞሪያው ርቀት ሲቆጠር ግን ወረዳውን ከጤና ጣቢያና ከገበያ የሚያገናኝ ብቸኛ ድልድይ ወደ ላይ ይወጣል። «ሊወድቅ የደረሰው ይጠብቅ ወይ?» ለሚሉም፣ አደገኛው ድልድይ ወረፋ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በዕለቱ ይዘጋል ወይም የክብደት ገደብ ይጣልበታል። ገደቡም በትክክል ሊሰላ ይገባል። ፈርን ሆሎው ላይ 26 ቶን ተብሎ ተለጥፎ ነበር፤ ስሌቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ይዘጋ እንደነበር ምርመራው አሳይቷል። ለእኛ ወንዞች ደግሞ ከክረምት በፊትና በኋላ የምሰሶ መሠረትን መፈተሽ ከማንኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ አስቀድሞ በጀት ሊመደብለት የሚገባ ሥራ ነው።