ድረ ገጽዎ በበይነ መረብ ፍለጋ እንዲገኝ ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

ድረ ገጽ መክፈትና በደንበኛ መገኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ማክሰኝት ከተማ ሽምብራ በጅምላ የሚያቀርብ ነጋዴ ድረ ገጽ ቢያሠራና የአዲስ አበባ ገዢ በጎግል ፈልጎ ባያገኘው፣ ለሥራው የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል፤ ትርፉም በመሐል ለሚገባ ደላላ ይሆናል። ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚከናወነው ሥራ «ኤስኢኦ» በመባል ይታወቃል። አብዛኛው ክፍያ የማይጠይቅ ሲሆን የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ ሊያከናውነው ይችላል።

ጎግልንና ቢንግን የመሳሰሉ የፍለጋ ሥርዓቶች ማስፈንጠሪያዎችን እየተከተሉ ገጾችን ያነባሉ፤ ያነበቡትን ይመዘግባሉ፤ ፈላጊው ለጻፈው ቃል ይበልጥ ይስማማል ያሉትንም ያስቀድማሉ። በዋናነት የሚመሩት በጽሑፍ ነው። በመሆኑም የዋጋ ዝርዝርን ወይም ማስታወቂያን አትሞ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ፎቶግራፉን ብቻ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። ምስሉ ለሰው ዐይን ግልጽ ቢሆንም ለፍለጋ አስተማማኝ አይሆንም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ተካትቷል፤ ከዚያ በተለየ አሠራር የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ ከተጫኑ በፍለጋ አይገኙም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ባለቤት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ የፊደል አጻጻፍ ነው። ለአንባቢ «ጎንደር» እና «ጐንደር» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ጎ» እና «ጐ» የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። አንዱ «ሽምብራ» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ሽንብራ» ይላል። የፍለጋ ሥርዓቱ እነዚህን ሁልጊዜ ያዛምዳቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። መፍትሔው በርዕስ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ መያዝ፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ አንድ ጊዜ ማስገባት ነው። የከተማውን ስም በላቲን ፊደል መጨመርም ይጠቅማል፤ በስልክ በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰው ጥቂት አይደለምና። ቃላትን ያለ ቦታቸው መደርደር ግን እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ ገጹን ወደ ኋላ ሊያስቀር ይችላል።

ቋንቋችን «በ»፣ «የ»፣ «ከ» የሚሉትን ከስም ጋር አጣብቆ ይጽፋል። ገጹ «የማክሰኝት» እና «በማክሰኝት» የሚል ብቻ ከሆነ፣ «ማክሰኝት» ብሎ የሚፈልገው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ «እንኳን ደህና መጡ» ከሚል ርዕስ ይልቅ «ሽምብራ በጅምላ፦ ማክሰኝት፣ ጎንደር ዙሪያ» የሚለው የተሻለ ነው።

ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ክሊኒክ ያለው ሰው ድርጅቱን በጎግል ካርታ ላይ በነፃ ማስመዝገብ ይችላል። በዚህ ላይ የሥራ ሰዓት ሲሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጠዋቱ 2፡30 የሚከፈት ድርጅት ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ቢሞላ፣ ከሌሊቱ 8፡30 እንደሚከፈት ተደርጎ ይታያል። ሊሞላ የሚገባው 8፡30 ነው።

ገጹ በስልክ በቀላሉና በፍጥነት መከፈቱንም ያረጋግጡ። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነፃ መሣሪያ ገጽዎ መመዝገቡንና በየትኞቹ ቃላት እንደተፈለገ ያሳያል። ለውጡ በፍለጋ ውጤት ላይ እስኪታይ አንዳንዴ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በሳምንቱ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

«በክፍያ አንደኛ እናደርግዎታለን» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ አይክፈሉ። በጎግል ላይ በክፍያ የሚገኘው ማስታወቂያ መሆኑ ተገልጾ የሚወጣው ቦታ ነው፤ መደበኛው ደረጃ አይሸጥም፣ ዋስትና የሚሰጥበትም ሰው የለም። ከባለሙያ ጋር ውል ሲዋዋሉም የድረ ገጹ አድራሻ በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም እንዲመዘገብ፣ የይለፍ ቃሎቹም እንዲሰጡዎ በጽሑፍ ይግለጹ። አድራሻው በሠሪው ስም ከተመዘገበ፣ አለመግባባት በተፈጠረ ዕለት ለዓመታት ያፈሩት የፍለጋ ደረጃ ከእርሱ ጋር ሊሄድ ይችላል።