ቪአር መነጽር ይቆያል ወይስ ያልፋል?

ቪአር ስለሚባለው መነጽር ክፍል ውስጥ ስንከራከር ብዙዎቹ «ጨዋታ ነው፣ ያልፋል» አሉ።

እስቲ ጣታችሁን ፊት ለፊት አቁሙና አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይን ብቻ እዩት። ጣቱ ቦታ የቀየረ መሰለ አይደል? ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚያዩት ትንሽ ስለሚለያይ ነው፤ ቅርብና ሩቁን ለመለየትም ይረዳናል። መነጽሩም ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ምስል ያሳያል። አንገታችንን ስናዞር ምስሉም በዚያው ልክ ስለሚቀየር እዚያው ቦታ የቆምን ይመስለናል።

ያልፋል ያሉት እውነት አላቸው። ኔንቲዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት በፈረንጆች 1995 ቨርቹዋል ቦይ የሚባል አውጥቶ ነበር። ቀይና ጥቁር ብቻ ያሳያል፣ ራስ ያሳምማል ተብሎ ገዢ አጣና በዓመቱ ቀረ።

እኔ ግን ጨዋታው ቢያልፍም ግድ የለኝም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠዋል። የእኛ ቤተ ልሔምም እኮ ከውጭ ክብ ነው፣ ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ! እንደ ላሊበላ ቢለካ መንገድ የማይችሉ አያቶቻችን ቤታቸው ሆነው ያዩት ነበር።

ድጓውስ? ድጓ ለማስመስከር ከሩቅ አገር የሚመጡት ተማሪዎች የኔታ ፊት ቁጭ ብለው፣ ሲሳሳቱ እየታረሙ ነው የሚያዜሙት። ይህን እንኳ መነጽሩ የሚችለው አይመስለኝም።