በአንድ ሠራተኛ ብቻ ስለሚለካ ምርታማነት

አንድ ድርጅት ሥራው መሻሻሉን ለማሳየት ሲፈልግ፥ አብዛኛውን ጊዜ የምርቱን ብዛት ለሠራተኞቹ ቁጥር አካፍሎ ያቀርባል። ይህ ሒሳብ ቀላል ከመሆኑም በላይ ለሪፖርት ያምራል። ነገር ግን ሠራተኛ በባዶ እጁ አይሠራምና፥ የዕቃውንም የማገዶውንም የመኪናውንም ወጪ ከደመወዙ ጋር ደምሮ ምርቱን ለድምሩ ማካፈል ይገባል። ባለሙያዎች ይህን የጥምር ግብዓት ምርታማነት ይሉታል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ዳቦ ቤት እናስብ። በአንድ ወር ለ10 ሠራተኞች 60,000 ብር፥ ለ45 ኩንታል ዱቄት 270,000፥ ለማገዶና ለመብራት 30,000፥ ለምድጃና ለመሣሪያ አገልግሎት 40,000፥ በጠቅላላው 400,000 ብር ወጥቶ 60,000 ዳቦ ተጋገረ እንበል። በ100 ብር 15 ዳቦ መሆኑ ነው። ከዚያ ባለቤቱ የማቡኪያ መኪና አስገብቶ 2 ሠራተኞች ያሰናብታል፤ በዓመቱ በዚያው ወር 63,000 ዳቦ ይጋገራል። ለአንድ ሠራተኛ የሚደርሰው ከ6,000 ወደ 7,875 ከፍ አለ፤ ከመቶ 31 እጅ ጭማሪ! ሥራ አስኪያጁም ይመሰገናል።

ዳሩ ግን ወጪውን እንቍጠር። ደመወዝ 48,000፥ 48 ኩንታል ዱቄት 288,000፥ ማገዶና መብራት 34,000፥ ምድጃና መኪና 80,000፤ ድምሩ 450,000 ብር። አሁን በ100 ብር የሚገኘው 14 ዳቦ ነው። የጐደለውን 1 ለቀድሞው 15 ቢያካፍሉት ምርታማነቱ ከመቶ 7 እጅ ያህል ወርዷል። ሁለቱ ሰዎች ከእንጀራቸው የተለዩት እንግዲህ ለዚህ ነበር።

በዚህ ሒሳብ ዱቄት ቢወደድ ወይም ደመወዝ ቢጨመር እንኳ የሚያዘው የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነው፤ አለዚያ የገበያው ጠባይ ከሥራው ጠባይ ጋር ይደባለቃል። የመኪናውም ዋጋ በሙሉ ሳይሆን የወሩ ድርሻ ብቻ ይገባል።

መሣሪያ ማብዛት ብቻውን ምን ያህል እንደሚረዳ በአገር ደረጃም ተመርምሯል። አሜሪካዊው ሮበርት ሶሎ በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ጥናት፥ ከ1909 እስከ 1949 በአሜሪካ የአንድ ሰዓት ሥራ ምርት እጥፍ ሲሆን፥ ከጭማሪው ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ከመሣሪያ መብዛት የመጣ መሆኑን አስልቷል። የቀረውን ለአሠራር መለወጥ ሰጥቶታል።

ወደ ዳቦ ቤቱ ስንመለስ፥ መኪናው በወር 40,000 ብር ጨምሮ ከደመወዝ ያተረፈው 12,000 ብቻ ነው። ዱቄቱም ቢሆን በቀድሞው ልክ ቢጋገር 64,000 ዳቦ ይወጣው ነበር። 1,000ው ዳቦ የት ቀረ? መኪናውስ በቀን ስንት ሰዓት ይዞራል? ተቈጣጣሪው የሚቀጥለውን ሪፖርት ከመጻፉ በፊት ወደ ማቡኪያው ክፍል ገብቶ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይጠይቅ።