ኖራ በጆንያ፣ ኬሚስትሪ በቤት

የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የካልሲየም ዘር ሲያስፈልገኝ የምሄደው ሰፈራችን ካለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው። አስመጪዎች በግማሽ ኪሎ ጠርሙስ አሽገው በሚሸጡት ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ዋጋ አንድ ጆንያ ኖራ ተገዝቶ ለታክሲም ይተርፋል። የጆንያው ኖራ ንጽሕናው ዝቅ ያለ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ተማሪ በስትሮ ሲነፋበት የሚደፈርስ ውሃ ለማዘጋጀት የጠርሙሱ ንጽሕና ምን ይጨምርልኛል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጆንያው ውስጥ ያለው በእርግጥ ኖራ ነው ወይ?

ሻጩ ልጅ ሁሌም «ቲቸር፣ ለልስን ነው ለቀለም?» ይለኛል። «ለትምህርት» ስለው ይስቅና ከነጫጮቹ ጆንያዎች ለእጁ የቀረበውን ይጎትታል። ኖራ፣ ጄሶ፣ ነጭ ሲሚንቶ፣ የተፈጨ በሃ ድንጋይ፣ ሁሉም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ሁሉም ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ወደ መደብሩ ስሄድ ትንሽ እርድና አንድ ብልቃጥ አቼቶ ይዤ ነው።

ከዱቄቱ ቆንጥሬ በውሃ አርሳለሁ፤ እርድ ነስነስ አደርግበታለሁ። ኖራ ከሆነ ቢጫው ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ጄሶና በሃ ድንጋይ ላይ ቢጫው እንዳለ ይቀራል። እነዚያን ሁለቱን የሚለያቸው አቼቶው ነው፤ በሃ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አረፋ ደፍቆ ይፈላል፣ ጄሶ ግን ዝም ይላል። ነጭ ሲሚንቶም እንደ ኖራ እርዱን ያቀላዋል። ሆኖም ሲሚንቶ በውሃ ተለውሶ ካደረ ድንጋይ ነው፤ የተለወሰ ኖራ በነጋታውም በማንኪያ ይዛቃል። እርዱን አቅልቶ በአቼቶም የሚፈላ ኖራ ካጋጠማችሁ ደግሞ አርጅቷል ማለት ነው፤ አፉ ተከፍቶ ሲከርም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካርቦኔት ተመልሷል። ያልተከፈተ ጆንያ ጠይቁ።

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ሌላም ኖራ ያውቃል። ከአገራችን የእርሻ መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል፤ ገበሬው እርሻው ላይ የሚበትነው ኖራ ባብዛኛው የተፈጨ በሃ ድንጋይ እንጂ የልስኑ ኖራ አይደለም። ከተገኘ ርካሽ የካርቦኔት ምንጭ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟማው ኖራ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨምሮ መነቅነቅ፣ ማሳደር፣ ጠዋት የጠለለውን ብቻ መቅዳት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ኖራ ወደ 600 ሊትር ያጠግባል፤ 25 ኪሎ የሚሆነውን ጆንያ አንድ መምህር በጡረታ እስኪሰናበት አይጨርሰውም። እኛ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋር እንደ ቅርጫ ተካፍለነዋል። የድርሻዬን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ውሃ እላዩ ላይ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ውሃው አየሩን ስለሚከለክል አያረጅም።

ያልተንጨረጨረውን፣ ማለትም ውሃ ያልነካውን ኖራ ግን ለቤት አልመክርም። ውሃ ሲያገኝ እስከ መፍላት ይሞቃል፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ አብጦ ዕቃውን ይሰነጥቃል። የትኛውም ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። መነጽር ሳላደርግ ጆንያ አልከፍትም።

በኖራው ውሃ ላይ ተማሪዎች ሲነፉበት ይደፈርሳል፤ ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይናገራል። መንፋቱን ካላቋረጡ ግን ድፍርሱ መልሶ ይጠራል። ካርቦኔቱ በውሃ ወደሚሟማ ባይካርቦኔት ስለተለወጠ ነው። የጠራውን ቢያፈሉት እንደገና ነጭ ይዘቅጣል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አይሻም፣ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ውስጡን ይመልከት።

ለንጹሕ ካርቦኔት የእንቁላል ቅርፊትን የሚያህል የለም፤ 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከኬክ ቤት በነጻ እወስዳለሁ፤ በዐቢይ ጾም ግን የጾም ኬክ ብቻ ስለሚጋገር ምንጩ ይነጥፋል። ቀቅሎ ስሱን ሽፋን መላጥ፣ ማድረቅ፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ሙቀጫ መውቀጥ ነው። 100 ግራሙን ለማሟሟት 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ 2.4 ሊትር ይፈጃል፤ ሲተን የሚቀረው ነጭ ጨው ካልሲየም አሲቴት ነው።

ጠመኔ ይህን ቦታ ይተካል ብላችሁ እንዳትደክሙ። የዛሬው ጠመኔ ባብዛኛው ከጂፕሰም የተሠራ ስለሆነ አቼቶ ውስጥ ቢነክሩት አይፈላም። ጂፕሰም ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል በዓባይ ሸለቆ የሚገኘው ድንጋይ ነው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቅና ጄሶ ይሆናል። ጄሶውን በውሃ ስትለውሱት ያጣውን ውሃ መልሶ ይይዛል፤ እጃችሁ ላይ ሙቀቱ እስኪሰማችሁ ድረስ ሞቆ ይደርቃል። ስለዚህም ጄሶ ስገዛ ቀኑን አያለሁ፤ እርጥበት የመታው ጄሶ ብትለውሱት አይጠነክርም።

ካርባይድ በየብየዳ ቤቱ በኪሎ አለ፤ ለቤት አይገዛም። ውሃ ሲነካው የሚወጣው አሴቲሊን ከአየር ጋር 2.5 በመቶ ያህል ብቻ ሲቀላቀል እንኳ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ብየዳ ቤቶች ደጅ የሚደፋው የሚከረፋ ነጭ ጭቃ የእሱው ዝቃጭ ሲሆን አብዛኛው ኖራ ነው። በነጻ ቢሆንም ከነድኙ አልፈልገውም።

እዚህ በብዛት አላገኝ ያልኩት ካልሲየም ክሎራይድን ነው። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ግን ደጃፉ ላይ በረዶ እንዲያቀልጥለት ይበትነዋል። በረዶ ማቅለጫ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ጽሑፉን እንዲያነብ፣ ከዚያም አንድ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ እንዲሞክር ነገርኩት፤ ካልሲየም ክሎራይድ ብርጭቆውን ያሞቃል፣ የገበታ ጨው አያሞቅም፣ ዩሪያ ደግሞ ያቀዘቅዛል። ሁለት ኪሎ ሊያመጣልኝ ነው፤ ከነከረጢቱ እንዲሆን አስጠንቅቄዋለሁ። በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ምን እንደሆነ ጉምሩክ ላይ ማስረዳት ከኬሚስትሪ አስተማሪ አቅም በላይ ነው።