ለአውቶሞቢል የሚሆን የብስክሌት መጫኛ ስለ መምረጥ

ብስክሌቱን በአውቶሞቢል ጭኖ ከከተማ ውጭ ለመንዳት የሚፈልግ ደንበኛ ወደ መደብር ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መጫኛው ስንት ብስክሌት ይይዛል? ዋጋውስ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ለነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ከሰጠ ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መኪናው ምን ያህል ክብደት እንዲሸከም ተፈቅዶለታል? የሚለው ነው። ይህ ተዘንግቶ የተሸጠ መጫኛ በመንገድ ላይ ቢላቀቅ አደጋው የሚደርሰው በገዢው ንብረት ላይ ብቻ ሳይሆን ከኋላ በሚከተለው መንገደኛ ሕይወት ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ዓይነቱንና ጠባዩን ለይተው እንዲያውቁ ያስፈልጋል።

የብስክሌት መጫኛ በሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል።

1ኛ፤ በጣራ ላይ የሚታሰር። ይህ ዓይነት ታርጋንና የኋላ መብራትን አይጋርድም፤ የኋላውንም በር ለመክፈት አያግድም። ነገር ግን ብስክሌቱን ወደ ላይ ማንሣት ጕልበት ይጠይቃል፤ ነፋስን ስለሚጋፋም የነዳጁን ወጪ ይጨምራል። ከፍታው 1.5 ሜትር በሆነ መኪና ላይ ብስክሌት ቆሞ ሲታሰር ጠቅላላው ከፍታ ከ2.5 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ነጂው ከሕንፃ ሥር ወዳለ የመኪና ማቆሚያ ከመግባቱ በፊት በበሩ ላይ የተጻፈውን የከፍታ ልክ መመልከት አለበት።

2ኛ፤ በኋላ መክደኛ ላይ በጠፍር የሚታሰር። በዋጋ ዝቅ ያለና ለማስቀመጥም ቦታ የማይፈጅ ነው። ሆኖም ጭነቱን የሚሸከመው ስሱ የመክደኛ ላሜራና ማጠፊያው ነው። ከኋላ መስተዋት በላይ የፕላስቲክ ክንፍ ያለባቸው ብዙ መኪናዎች ለዚህ ዓይነት አይስማሙም። ጠፍሩም በኰረኰንች መንገድ ስለሚላላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው።

3ኛ፤ ተሳቢ በሚጐተትበት ጋንቾ ላይ የሚቀመጥ። ለመጫን ዝቅ ያለ በመሆኑ ምቹ ነው፤ ከባድ ብስክሌትም ለመያዝ ከሌሎቹ ይሻላል። ጕድለቱ መኪናው አስቀድሞ ጋንቾ የተገጠመለት መሆን የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ታርጋውንና መብራቱን ስለሚሸፍንም የራሱ መብራትና የታርጋ ቦታ ያለውን መምረጥ ይገባል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። መኪናው በጣራው ወይም በጋንቾው ላይ የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደት በፋብሪካው የመመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል የጣራው ልክ 75 ኪሎ ነው እንበል። አግዳሚዎቹ ብረቶች 5 ኪሎ፥ እያንዳንዱ መያዣ 4 ኪሎ፥ እያንዳንዱ ብስክሌት 15 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ሦስት ብስክሌት ሲጫን ድምሩ 62 ኪሎ ስለሚሆን ይፈቀዳል፤ አራተኛው ሲጨመር ግን 81 ኪሎ ይሆናልና ከልኩ ያልፋል። ባትሪ ያለው ብስክሌት 25 ኪሎ ቢመዝን ደግሞ ሁለት ብቻ ይጫናል እንጂ ሦስተኛው አይፈቀድም።

በጋንቾም ላይ እንዲሁ ነው። ልኩ 60 ኪሎ፥ የመጫኛው ክብደት 18 ኪሎ ቢሆን የሚተርፈው 42 ኪሎ ነው። ሦስት ብስክሌቶች 45 ኪሎ ስለሚመዝኑ «ለሦስት የሚሆን» ተብሎ የተሸጠው መጫኛ በዚህ መኪና ላይ ለሁለት ብቻ ያገለግላል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጫኛው የራሱ ክብደት ነው። ከሁሉም ልክ የሚጸናው ትንሹ ነው፤ መኪናው፥ አግዳሚው ወይም መጫኛው ከሚችለው ዝቅተኛው መታለፍ የለበትም።

አስመጪዎችም «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከማዘዛቸው በፊት የገበያውን መኪናዎች ዓይነት መመርመር ይገባቸዋል። ዝናብ ማውረጃ ጠርዝ ላለው የላንድክሩዘር ጣራ የተሠራ እግር፥ ጠርዝ በሌለው እንደ ቪትዝ ባለ ትንሽ መኪና ላይ አይገጥምም። የአውሮፓ ጋንቾ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ኳስ ሲሆን፥ በአሜሪካ የተለመደው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ ለአንዱ የተሠራው ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የሚስማማባቸውን መኪናዎች ዝርዝር፥ የተፈቀደውን ክብደት፥ መለዋወጫ ጠፍርና ቍልፍ ከላኪው መጠየቅ መጋዘንን ከማይሸጥ ዕቃ ያድናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በገበያችን ተበራክተዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ጣራቸው መስተዋት ነው፤ አንዳንዶቹም ጋንቾ እንዲገጠምባቸው ፋብሪካቸው አይፈቅድም። በጣራ ላይ የሚጫን ብስክሌትም የነፋስን ግፊት ስለሚያበዛ፥ በአንድ ጊዜ ባትሪ መሙላት የሚሄዱት መንገድ ያጥራል።

ባለሱቆች ከመሸጣቸው በፊት የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት፥ የብስክሌቶቹን ብዛትና ክብደት፥ የተፈቀደውንም ልክ ጠይቀው በደረሰኙ ጀርባ ቢጽፉ መልካም ነው። ከተገጠመም በኋላ ብስክሌቱን በእጅ ይዞ መነቅነቅ ነው፤ መኪናው ሳይወዛወዝ ብስክሌቱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ እስሩ ላልቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ልኩን አይቶ «ይህ ለመኪናዎ አይሆንም» የሚል ነጋዴ ለዕለቱ አንድ ሽያጭ ቢቀርበትም፥ ደንበኛውንም ከኋላ የሚመጣውን መንገደኛም ከአደጋ ይጠብቃል።