«ዋተርፕሩፍ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ስልክ ወይም የእጅ ሰዓት ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው «ይሄማ ዋተርፕሩፍ ነው» ከተባለ ብዙ ጊዜ ሌላ አይጠይቅም። ውሃ አያስገባም ተባለ፣ አለቀ። መጠየቅ የነበረበት ግን ገና አልተጠየቀም፤ ምን ዓይነት ውሃ? ምን ያህል ጥልቀት? ለስንት ደቂቃ?

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አምራቾች በዚህ ቃል እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። የተፈቀደላቸው «ውሃ ይቋቋማል» ብለው፣ ለ40 ወይም ለ80 ደቂቃ መሆኑን ጭምር መጻፍ ነው። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ውሃ ፈጽሞ የማያስለቅቀው ቅባት የለምና፣ ተገቢ ክልከላ ይመስለኛል።

የስልክ አምራቾችም በጽሑፍ ሲሆን ከሻጮቻቸው ይልቅ ጥንቁቅ ናቸው። መግለጫው ላይ «አይፒ 67» ወይም «አይፒ 68» የሚል ምልክት ያሰፍራሉ። 6 ቁጥር አቧራ እንደማያስገባ ይናገራል። 7 ደግሞ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መፈተኑን ያሳያል። 8 ፈተናው ከዚህ የከበደ መሆኑን ቢያመለክትም፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ ሁለት ባለ 68 ስልኮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ፈተናው የሚካሄደውም በአዲስ ስልክና በረጋ ንጹሕ ውሃ ነው። ባሕር፣ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን፣ የሻወር እንፋሎት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ውሃውን የሚያግደው ምን እንደሆነ ካየን ምክንያቱ ይገባናል። ስክሪኑን ከአካሉ ጋር ያጣበቀው ስስ ሙጫ አለ፤ በሲም ካርድ ማስገቢያው ዙሪያ ትንሽ ጎማ አለች። ስፒከሩ ግን ድምፅ ማውጣት ስላለበት ሊደፈን አይችልም። እዚያ የሚጠብቀው በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ጠብታው ተጠቅልሎ በላዩ ይቀራል። ሳሙና ይህን መሳሳብ ያላላል፤ ስለዚህ የሳሙና ውሃ ንጹሑ ውሃ ባላለፈበት ሊያልፍ ይችላል። ሙጫውም በዕድሜ፣ በሙቀትና በመውደቅ ይላላል። ስክሪን ለመቀየር ስልኩ ተከፍቶ በአዲስ ሙጫ በደንብ ካልታሸገ ያ 67 ወይም 68 ቁጥር ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም።

ሰዓት ላይ «30 ሜትር» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ከዚያ ጥልቀት ጋር የሚመጣጠን ግፊት መቋቋሙን እንጂ ይዘውት ይጥለቁ ማለት አይደለም። ለእጅ መታጠቢያና ለዝናብ ይበቃል፤ ለዋና 100 ሜትር የሚለውን መምረጥ ይሻላል።

ስልክዎ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ጠራርገው ያድርቁት፣ እስኪደርቅም ቻርጀር አይሰኩበት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩንም ይተዉት፤ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል አፕል ራሱ አስጠንቅቋል። የኩባንያው መደበኛ ዋስትናም በፈሳሽ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም።