እውነት ወይስ ተረት? የካትዌ ብረትና የደረት ጡንቻ

ካትዌ የተባለውን የካምፓላ ሰፈር የውጭ ሰው የሚያውቀው በቼዝ ነው፤ ስለ ተጫዋቿ ስለ ፊዮና ሙቴሲ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ምክንያት። የከተማው ሰው ግን ካትዌ ሲባል የሚታየው ብየዳ ነው። በርና ምድጃ የሚሠሩ እጆች ከአሮጌ መኪና ማርሽና ከቸርኬ የስፖርት ክብደትም ይሠራሉ። ከብረቱ ጋር ወሬም አብሮ ይሸጣል።

«በዚህ ቁርጥራጭ ደረት አይወጣም፤ ማሽን ያለበት ጂም ግባ» የሚለው ተረት ነው። ጡንቻ ብረቱ የት እንደተሠራ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚገጥመውን ጫና ነው። ቀለል ያለ ክብደት እንኳ ሌላ አንድ ሁለት ጊዜ መድገም እስኪያቅት ድረስ ከተገፋ ጡንቻን እንደሚያሳድግ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ብረት የሌለው ደግሞ ወለል አለው። ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይገፋል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 45 ኪሎ ገፋ ማለት ነው። እግሩን አግዳሚ ላይ ቢሰቅል ይከብደዋል፤ እጁን ጠረጴዛ ላይ ቢያሳርፍ ይቀለዋል። በእጅ የተሠራ ብረት የሚያሳስበው በሌላ በኩል ነው፦ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይመዝናሉ ወይ? ብየዳውስ ይይዛል? ሚዛን ላይ ሳያወጡ መግዛት ሞኝነት ነው።

ወጣቶች አጥብቀው የሚያምኑት ግን ሌላውን ነው፤ የደረትን «ላይ»፣ «ታች»፣ «ውስጥ» እና «ውጭ» ለየብቻ መቅረጽ ይቻላል የሚለውን። ከዚህ ውስጥ እውነቱንም ውሸቱንም ለመለየት ጡንቻው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማየት ይበቃል። ትልቁ የደረት ጡንቻ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። ከአንገት ሥር ከተጋደመው አጥንት፣ ከፍርምባውና ከጎን አጥንቶች ጫፍ ይነሣል፤ ከዚያ ክሮቹ እየተሰበሰቡ ሄደው ላይኛው የክንድ አጥንት ላይ ይተከላሉ። ዋና ሥራው ክንድን ወደ ደረት ፊት ለፊት መሳብ ነው። የላይኛው ክፍል መነሻው የተለየ ስለሆነ አግዳሚውን በራስጌ በኩል ከፍ አድርጎ መግፋት እሱን ይበልጥ ያሠራዋል። ይህኛው እውነት ነው። «ውስጥ» የሚሉት ግን ከፍርምባ እስከ ክንድ የሚሄደው የዚያው ክር አንድ ጫፍ ነው፤ ክር ሲኮማተር ደግሞ ጫፉ ብቻውን አይሠራም። በሁለቱ ደረቶች መካከል የሚታየው ክፍተት ጡንቻው በተፈጥሮ ፍርምባው ላይ የተያያዘበት ሁኔታ ነው፤ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ ቦታውን አይቀይረውም። «የውስጥ ደረት ፕሮግራም» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ካለ እኔ አልከፍለውም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ባሉበት በካባላጋላ፣ ማታ የመጠጥ ቤት በር ላይ የሚቆሙትን፣ ካንያማ የሚባሉትን ጡንቸኛ ጠባቂዎች ያየ ሰው «ደረቱ የሰፋ ቡጢው ይከብዳል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቡጢ ከደረት አይጀምርም። ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በወገብ መዞር ወደ ትከሻ ይወጣል፤ ደረት ከመንገዱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ትከሻን ወደ ፊት የሚወነጭፈው በጎን አጥንቶች ላይ የተነጠፈው ሌላ ጡንቻ ሲሆን፣ «የቦክሰኛ ጡንቻ» የሚባለውም እሱ ነው። የካምፓላው ቦክሰኛ ጆን ሙጋቢ በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ኦሊምፒክ ብር ያገኘውና፣ በ1986 ከማርቪን ሃግለር ጋር እስኪገናኝ ድረስ የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎቹን ሁሉ በናክአውት የጨረሰው በደረት ስፋት አልነበረም።

ፑሽ አፕ የደረትን ስብ ለይቶ ያቀልጣል? አያቀልጥም። ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው። አንድ ወንድ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ካገኘ ደግሞ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ብረት አይሂድ።

«ሴት ደረት ከሠራች ጡቷ ይጠፋል» የሚሉ አሉ፤ «ያድጋል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጡት ስብና እጢ ነው፤ ጡንቻው ከበታቹ ነው ያለው። ሴቲቱ በጠቅላላ ከከሳች ጡቷም ሊቀንስ ይችላል፤ ያ የምግብ ጉዳይ ነው። ወሬው ሴቶችን ከብርቱ ስፖርት ሊያርቅ አይገባም፦ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና በሙላጎ ሆስፒታል መካከል ባለችው በካታንጋ መንደር ሴቶች ቦክስ ይሠለጥናሉ፤ ካትሪን ናንዚሪ ደግሞ ኡጋንዳን ወክላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀለበት ውስጥ ገብታለች።

ስለ «ካላመመህ አልሠራህም» ግን መጠንቀቅ ይገባል። በማግስቱ የሚሰማ የጡንቻ መተሳሰርና ሕመም ለአዲስ ሰው የተለመደ ነው፤ የሥራ መለኪያ ግን አይደለም፣ ለዚያው ጡንቻ ሁለት ቀን ያህል ዕረፍት መስጠትም ስንፍና አይደለም። የደረት ጡንቻ ጅማት በብዛት የሚበጠሰው ቤንች ፕረስ ሲሠራ፣ ከባድ ብረት ወደ ደረት በሚወርድበት ቅጽበት ነው። ብረቱን ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ክርንን ከትከሻ ጋር ቀጥ አድርጎ አለመዘርጋት፣ ከራስጌ የሚቀበል ሰው ማቆም ይረዳል። ድንገት «ጧ» የሚል ነገር ተሰምቶ ብብት አካባቢ ከበለዘና ክንድ ከደከመ ግን ወጌሻ ዘንድ አይታሽም፤ በቀዶ ሕክምና የሚጠገን ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢደረግ ይሻላል።